በሁለት አቀበት፣ በአንድ ጠዋት

የባሌን ሱሪ ለብሼ፣ እንዳይወርድብኝ በመጋረጃ ገመድ ወገቤ ላይ አጥብቄ፣ የሕንፃችንን ዘበኛ ሳይክል እየገፋሁ ጆሃንስበርግ ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከቤሪያ ስወጣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሳይክል ላይ ከተቀመጥኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። አፍና አፍንጫዬ በጭምብል ተሸፍኗል። አንደኛው ጆሮዬ ውስጥ የስልክ ማዳመጫ አለ፤ በዚያ ማዳመጫ ጥቂት ቆይቶ ወንድሜ ከአውሮፓ፣ በረዶ ከተከመረበት ተራራ ሥር ይደውልልኛል። ያን ጠዋት መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ምን ብሎ እንዳለፈ አላውቅም። እናንተ ግን ሳታልፉኝ ትንሽ ቆማችሁ ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። እናታችን የሚሲዮን ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር። አባታችንን እኔ በጥቂቱ አስታውሰዋለሁ፤ በስድስት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ኤርሚያስ ግን ጭራሽ አያውቀውም። ገበያው አጠገብ ሳይክል በሰዓት የሚያከራይ ሰው ነበር። ሳይክል መንዳት የለመድኩት እዚያ ነው፤ ኤርሚያስንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እየሮጥኩ፣ "አትልቀቂኝ!" እያለ እየጮኸ። ከለቀቅኩት ቆይቶ ነበር የሚያውቀው።

ቤታችን ግድግዳ ላይ እናቴ ከክሊኒኩ ያመጣችው ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ቢያልፍም ሥዕሉ ስለሚያምር አልወረደም። አረንጓዴ ተራራ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ጎንበስ ብለው ሳይክል የሚነዱ ሁለት ሰዎች። እኔና ኤርሚያስ "የፊተኛው እኔ ነኝ" እየተባባልን እንጣላ ነበር። መንገዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከሥዕሉ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ስንጠይቃት እናታችን ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ "እሱንማ የወጡት ያውቃሉ" ትለን ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ የዞኑ የሴቶች ብስክሌት ቡድን ውስጥ ገባሁ። ለክልል ውድድር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴም ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ከዚያ ዕድሜዬ ገፋ ተባለና፣ ደሳለኝ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ከጆሃንስበርግ ፎቶውን ልኮ ሽማግሌ አስላከ። እናቴ ሻንጣዬን እየዘጋች፣ "የሳይክሉን ነገር አታንሺበት። እዚያ ያለ ሰው የሚፈልገው ሱቅ የምትይዝለትን ሚስት ነው" አለችኝ። አላነሣሁበትም። ከቡድኑ ጋር የተነሣሁትን ፎቶ እንኳ እሷው ጋ ትቼው መጣሁ።

ደሳለኝ ክፉ ሰው አይደለም። ዝምተኛ፣ ጠንቃቃ፣ መንገድ ሲሻገር እንኳ ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ የሚያይ ሰው ነው። ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ መጋረጃና ብርድ ልብስ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። ጠዋት ከቤሪያ ወደ ጀፕ፣ ማታ ከጀፕ ወደ ቤሪያ። እሑድ ቸርች። አሥር ዓመት እንዲህ አለፈ። ኤርሚያስ ደግሞ እኔ ከመጣሁ በኋላ ሆሳዕና ሁለት ዓመት ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ቆይቶ፣ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ባሕር ተሻገረ። መጨረሻው ስዊዘርላንድ ሆነ፤ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል፤ ሥራ የሚመላለሰውም በሳይክል ነው። እኔ ወደ ደቡብ፣ እሱ ወደ ሰሜን፤ እናታችን መሀል ላይ ቀረች።

ኮሮና መጥቶ ሎክዳውን ሲታወጅ ሱቃችን ተዘጋ። በዚያው ሚያዝያ እናታችን ታመመች፤ በአራተኛው ቀን ዐረፈች። በምን እንደሞተች እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አናውቅም። አውሮፕላን የለም። ቢኖርም የኔና የደሳለኝ የስደተኛ ወረቀት ቀኑ አልፏል፤ የሚያድሰውም ቢሮ ተዘግቷል። ቀብሩን የአክስቴ ልጅ ስልኳን ከፍታ አሰማችኝ። የሰማሁት ነፋስና የአካፋ ድምፅ ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ሰው መግባት ክልክል ነው። የቸርች ሰዎች በስልክ ጸለዩልኝ። እኔ አላለቀስኩም። ምሳ ሠራሁ፣ ሳህን አጠብኩ፣ መስኮቱን ወለወልኩ። በማግሥቱም መስኮቱን ወለወልኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከማላውቀው የስዊዘርላንድ ቁጥር ስልክ ተደወለ። ሀብቶም የሚባል፣ ከኤርሚያስ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ጓደኛው ነው።

"እህቱ ነሽ?" አለኝ። "ላስደነግጥሽ አልፈልግም። ግን ከአልጋው ከተነሣ አራት ቀኑ ነው። አይበላም። ትናንት 'እኔ ባልኖር ማን ያውቃል?' ሲል ሰማሁት። ፈራሁ።"

"ስጠው" አልኩት።

ስልኩ ሲንኮሻኮሽ ቆየና የወንድሜ ድምፅ መጣ፤ የሽማግሌ ድምፅ።

"መሲ፣ ተይኝ በናትሽ።"

"መቼ ነው የበላኸው?"

"በልቻለሁ።"

"ምን?"

ልቆጣው ፈለግኩ፣ ልለምነውም ፈለግኩ። እናታችን ብትሆን ምን ትለው እንደነበር አሰብኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "ያ የካላንደሩ መንገድ እዚያ አገር አይደለም እንዴ?" አልኩት።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀና ብሎ ነበር።

"እሱ ራሱ ይሁን አይሁን አላውቅም" አለ። "የሚመስለው ግን አለ። ጎታርድ ይሉታል። ባቡሩ ተራራውን በሥሩ ሰርስሮ ነው የሚያልፈው። ስንት ጊዜ በሥሩ አልፌያለሁ።"

"ለምን አልወጣኸውም?"

"ከአንቺ ጋር ነበራ የምወጣው።"

"እንግዲያው ቅዳሜ እንወጣለን" አልኩት።

"ማን ነው 'እንወጣለን'?"

"አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ጆበርግም አቀበት አለው።"

"ሳይክል አለሽ?"

"አለኝ" ብዬ ዋሸሁት።

ከአፍንጫው የወጣች ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። ከእናታችን ሞት ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት። "መሲ፣ አሁን ወፍረሻል እኮ፤ በቪዲዮ አይቼሻለሁ" አለኝ።

በዚያ ወር ከቤት ወጥቶ ስፖርት መሥራት የሚፈቀደው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከቤት ብዙ ሳይርቁ ነበር። እነሱ ጋ በጋ ሲሆን የስዊዘርላንድና የጆሃንስበርግ ሰዓት አንድ ነው። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁለታችንም ልንነሣ ተቀጣጠርን።

ሳይክል የነበረው የማውቀው ሰው ባባ ቴምባ ብቻ ነው፤ የሕንፃችን የማታ ዘበኛ። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲገባ በር ላይ ጠበቅኩት።

"ሳውቦና፣ ባባ" ብዬ በዙሉ ቋንቋ ሰላም አልኩት።

"ዬቦ፣ ሲሲ" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

ነገ ጠዋት ሳይክሉን እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት። ለባሌ መስሎት፣ "እሱ ሳይክል ይችላል?" አለኝ። ለእኔ እንደሆነ ስነግረው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ሳይክሉን ገልብጦ አሳየኝ። "ፍሬኑ የሚይዘው የፊቱ ብቻ ነው። ከማርሾቹ ሦስቱ ይሠራሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ሥራዬን እጨርሳለሁ፤ ካልመለስሽልኝ ቤቴ የምገባው በእግሬ ነው። ቤቴ ደግሞ አሌክሳንድራ፣ ከከተማው ማዶ ነው።"

ለደሳለኝ እራት ላይ ነገርኩት። ሳይክሉን፣ ሆውተን የሚባለው ሰፈር ያለውን አቀበት፣ ኤርሚያስን፣ ቡድኑን፣ ክልል ሦስተኛ መውጣቴን፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝም።"

"'ሳይክል ትነጂ ነበር ወይ?' ብሎ ሚስቱን የሚጠይቅ ማን አለ?" ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። "አይሆንም፣ መሲ። ወረቀታችን አልፎበታል። መንገዱ በፖሊስና በወታደር ተሞልቷል። በሽታውም አለ። ባለፈው ሳምንት ከቸርች ሁለት ሰው ሞቶብናል። ወንድምሽን በስልክ አጽናኚው።"

"በስልክማ ሳጽናናው ነው እንዲህ የሆነው" አልኩት። ጠዋት ስነሣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። እንዳልተኛ ከአተነፋፈሱ አውቄያለሁ። ሱሪውን ከወንበሩ ላይ አነሣሁና ወጣሁ።

የግንቦት መጨረሻ ነው፤ እዚህ ክረምቱ ገብቷል። ብርዱ ጣት ያደርቃል። ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር። የሕንፃው በር ላይ ሳይክሉ ላይ ስወጣ መሪው ግራና ቀኝ ሄደብኝ፤ ከመኪና ጋር ልላተም ለጥቂት ተረፍኩ። ባባ ቴምባ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ስደርስ ግን ገላዬ አስታወሰ። እኔ አይደለሁም፣ ጉልበቴና ወገቤ ናቸው ያስታወሱት።

አቀበቱን የመረጥኩት ሆውተን ላይ ነው። ከቤሪያ በሳይክል ሩቅ አይደለም። ሙንሮ ድራይቭ ይባላል፤ በድንጋይ ካብ ተደግፎ ከላይኛው ሆውተን ወደ ታችኛው እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። አናቱ ላይ ስትቆሙ የሰሜኑ ጆሃንስበርግ በሙሉ ከሥራችሁ ነው፤ እስከ ሳንድተን ፎቆች ድረስ ዛፍ ብቻ። አንዴ ብርድ ልብስ ልናደርስ በታክሲ ስናልፍ አይቼው፣ እስከ ዐርቡ እራት ለማንም ሳልናገር ልቤ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

የፊቱን ፍሬን ጨምድጄ ይዤ ወረድኩና ታች ስደርስ ልክ አንድ ሰዓት ሆነ። ኤርሚያስ ደወለ።

"ከባቡር ወርጃለሁ። መንገዱ ለመኪና ገና አልተከፈተም፤ አጥሩን አልፌ ገባሁ። መሲ፣ አታምኚኝም!"

"ምን ሆነ?"

"ኮብልስቶን ነው! ተራራው በሙሉ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል!" አለና ሳቀ። "ሆሳዕና ወገቤን የሰበረኝ አንሶ እዚህም ጠበቀኝ።"

ተነሣን። የሱ አቀበት አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ የኔ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። በመጀመሪያው ዙር ግማሽ ላይ ወርጄ ገፋሁ። ጭምብሉ በላብ ርሶ አፌ ላይ ተለጠፈ። ውሻ ይዘው የሚሮጡ ባልና ሚስት አለፉኝ፤ ሚስትየዋ "በርቺ!" አለችኝ። በሁለተኛው ዙር ሳልወርድ ጨረስኩት። በጆሮዬ ውስጥ የኤርሚያስ ትንፋሽ፣ የሳይክሉ ካቴና መንቋቋት፣ አልፎ አልፎ የወራጅ ውኃ ድምፅ ይሰማኛል። ብዙ አላወራንም። "አለህ?" "አለሁ።" "አለሽ?" "አለሁ።" ይህ ብቻ። እመኑኝ፣ በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ የዚያን ያህል ቀርቦኝ አያውቅም።

ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ድምፁ ተለወጠ።

"በረዶ መንገዱን ዘግቶታል" አለ። "ግድግዳ ነው የሚያህለው። ጭጋግም ወርዷል። ጓንት የለኝም። እጄ አይታዘዘኝም።"

"ውረድና ግፋ።"

"ምን ይሠራልኛል? ብወጣስ? እማዬ አትነሣ።" ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። "ደክሞኛል፣ መሲ። እዚህ ቁጭ ልበል።"

"ኤርሚ! እንዳትቀመጥ! ወይ ውጣ ወይ ውረድ፣ እንዳትቀመጥ! ትሰማኛለህ?"

መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ፤ አይጠራም። ደግሜ ደወልኩ። አቀበቱ ሥር፣ ካቡን ተደግፌ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ወንድሜን አልጋው ላይ፣ በሙቀት ውስጥ ተኝቶ ሳለ እኔ ነኝ ያስነሣሁት። እኔ ነኝ ብቻውን ወደ በረዶ የላክሁት። እናቴን ሳልቀብር ወንድሜን ገደልኩ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሳይክሉ ላይ ወጣሁ። ሌላ የማደርግለት ነገር አልነበረኝም። እሱ እየወጣ ከሆነ እኔ ቆሜ ልጠብቀው አልችልም፤ እየወጣ ካልሆነም ቆሜ ልሰማው አልፈለግኩም። እግሬ ግን አልቋል። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንዳለፍኩ ሳይክሉ ቀጥ ሊል ደረሰ፤ ልወድቅ ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"መሲ! ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው!"

ደሳለኝ ነው። ለሁለት ወር ዳቦ ለመግዛት ካልሆነ ከበር ያልወጣው ሰው ካፖርቱን ደርቦ፣ ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ከቤሪያ ድረስ በእግሩ መጥቷል። ፊቴን ሲያይ የሚለውን ተወው።

"ምን ሆነ?"

"ተቋረጠ። አላውቅም። ደሴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልውጣ።"

አቀበቱን ቀና ብሎ አየው፤ ሰዓቱን አየ። ከዚያ መጥቶ ኮርቻውን ከኋላ ያዘና፣ "ንጂ" አለኝ።

ነዳሁ። እሱ እያለከለከ ገፋ። ካፖርቱ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ በሌላው እጁ ገፋ። አናት ስንደርስ እሱ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ፤ እኔ መሪው ላይ ተደፋሁ።

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ቪዲዮ ነው።

መጀመሪያ የታየኝ ነጭ ብቻ ነው። ከዚያ የኤርሚያስ ፊት፤ ቅንድቡ ላይ በረዶ፣ አፍንጫው እንደ ቲማቲም የቀላ። ሳይክሉን ተሸክሞ በበረዶው ላይ ነው ያለፈው። ከጭጋጉ በላይ ወጥቶ ነበርና ከጀርባው ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው።

"ደረስኩ" አለኝ።

"ማዶውን አሳየኝ።"

ስልኩን አዞረው። ያልቀለጠ ሐይቅ፣ የተዘጋ አሮጌ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተመልሶ ይወርዳል። ወዲያ ማዶ ሌላ ተራራ፣ ከሱም ወዲያ ሌላ።

"ይሄው ነው" አለ ወንድሜ። "ይወርዳል። እማዬ ጋ ደውዬ ልነግራት ስልኬን ሳወጣ ነው የለችም ያልኩት። አሁን ነው ያወቅኩት፣ መሲ።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። እሱ በበረዶ መሀል፣ እኔ የሀብታሞች ሰፈር ካብ ላይ፣ ጭምብሌን አውልቄ፣ ጮክ ብዬ፣ ሆሳዕና ሰው እንደሚያለቅሰው። ውሻ የያዙት ባልና ሚስት ከሩቅ ቆሙ። ደሳለኝ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ ለኤርሚያስም በስልኩ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ" አለው። ለቅሶ የተቀመጥነው እዚያ ነው።

ስንመለስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሉዊስ ቦታ የሚባለው መንገድ ላይ ኬላ ቆሟል። አንዲት ፖሊስ እጇን ዘረጋች። ደሳለኝ ሲደነግጥ አውቀዋለሁ፤ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ቀላ።

"ሰዓቱን ታውቃላችሁ?" አለች። "ወረቀት?"

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ያ ጠንቃቃ ባሌ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። "እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሚስቴ የሳይክል ተወዳዳሪ ናት። አገራችን ውስጥ ሻምፒዮን ነበረች። ዛሬ ከአሥር ዓመት በኋላ ጀመረች፤ እኔ ነኝ በእግሬ ያስዘገየኋት።"

ፖሊሷ አየችኝ፤ በገመድ የታሰረውን ሱሪ፣ ያበጠውን ዓይኔን። "ኢትዮጵያውያን የምትሮጡ መስሎኝ" አለች።

"እሷ ትነዳለች" አለ ደሳለኝ።

ከጭምብሏ በላይ ዓይኗ ሳቀ። "ሀምባ፣ ሲሲ፤ ሂጂ። ነገ በሰዓትሽ ግቢ።"

ጥቂት እንደራቅን፣ "ሦስተኛ ነው የወጣሁት፤ ሻምፒዮን አልነበርኩም" አልኩት።

"ለእሷ ምን ያደርግላታል?" አለኝ። ባባ ቴምባ በሩ ላይ ቦርሳውን አንግቶ ይጠብቀን ነበር። ደሳለኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቅርታ ጠየቀው።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ሁሉም ነገር ከዚያ በኋላ ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ኤርሚያስ አሁንም የሚጨልምበት ወር አለው፤ ግን ሲጨልምበት ራሱ ይደውላል። እኔና ደሳለኝ ማውራት ጀመርን፤ አሥር ዓመት ያልተጠያየቅነውን ሁሉ። ለካ እሱም ልጅ ሳለ ዋሽንት ይነፋ ኖሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክል እነዳለሁ፤ ከቸርች ሦስት ሴቶች ተከትለውኛል።

አንድ ነገር ግን ብሶብኛል፤ ናፍቆት። ድሮ የማይናፍቀኝ ጠንካራ ሰው ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም፤ ዘግቼበት ነው። በዚያ ጠዋት ተከፈተና አልዘጋ አለኝ። ገበያው ይናፍቀኛል፣ የእናቴ ሳል ይናፍቀኛል፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ የነበረኝ ጉልበት ይናፍቀኛል። እናንተም ሩቅ ያላችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ያማል፤ ግን ከዚያ በፊት ወደነበርኩበት፣ መስኮት ወደምወለውልበት ጠዋት፣ ልመለስ ብትሉኝ እምቢ እላለሁ።

ወንድሜን በአካል ካየሁት አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የሱ ወረቀት እዚህ አያመጣውም፤ የኔም እዚያ አያደርሰኝም። ባለፈው ወር ደውሎ፣ "ቁመትሽ ስንት ነው?" አለኝ።

"ምን ልታደርግ?"

"ሁለተኛ ሳይክል ገዛሁ፤ ያገለገለ ነው፣ ግን ደህና ነው። ኮርቻውን ላስተካክል ብዬ ነው። ጎማው ቆሞ እንዳይደርቅ እየቀያየርኩ እነዳዋለሁ።"

ጫማዬን አውልቄ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ደሳለኝ መጋረጃ የምንለካበትን ሜትር አምጥቶ ለካኝና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነገረው።

ኤርሚያስ ቁጥሩን ደገመው።

"ከማስታውስሽ ታንሻለሽ" አለኝ። "እሺ፤ ዝቅ አደርገዋለሁ።"